ፈዛዛው ግራጫ፣ ቀዩ በተንና የባንዲራው ቀለሞች፦ ስለ ድረ ገጽ ቀለም ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ድረ ገጽ ቀለም አመራረጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዘዋወር ከርሟል። ደንበኞቼ እየላኩልኝ «የኛም እንደዚህ ይሁንልን» ይሉኛል። ጀማሪ ዲዛይነሮችም እንደ ሕግ ይዘውታል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። እያንዳንዱ ቀለም የታወቀ ትርጉም አለው፤ ሰማያዊ እምነት፣ ቀይ ጥድፊያ ነው፤ ስለዚህ ባንክ ሰማያዊ ይሁን። የመግዣው በተን (የሚነካው ቁልፍ) ቀይ ከሆነ ሽያጭ ያድጋል። ቀለሞችን ከቀለም ክብ (ቀለሞች በዙሪያው ከተደረደሩበት ክብ ሥዕል) ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡትን እያጣመራችሁ ምረጡ። ዋናውን ቀለም 60፣ ደጋፊውን 30፣ ማድመቂያውን 10 በመቶ አድርጋችሁ አከፋፍሏቸው። የኢትዮጵያውያን ድረ ገጽ ከሆነ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጉት። ስህተቱን በቀይ፣ ትክክሉን በአረንጓዴ አሳዩ። ጽሑፉን በፈዛዛ ግራጫ ጻፉ፤ ጥቁር በነጭ ላይ ጊዜው አልፎበታል። በመጨረሻም ገጹን በሙሉ ዳርክ ሞድ (በጥቁር ገጽ ላይ ነጣ ያለ ጽሑፍ) አድርጉት፤ ለዓይንም ለባትሪም ይሻላል።

ጽሑፉ በቅን ልቦና የተጻፈ ነው። ስለ ዲዛይን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊውን ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ከምክሮቹ ሙሉ በሙሉ የምስማማው በአንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ገጹን የሚያነበውን ሰው ረስተውታል። በእኔ እምነት የቀለም ምርጫ የሚጀምረው ከብርሃን ልዩነት ነው። ፊደሉ ከጀርባው ካለው ቀለም ምን ያህል ይደምቃል ወይም ይጠቁራል? ይህ ከተመለሰ በኋላ ሰማያዊ ይሁን ቀይ ይሁን ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል።

የጽሑፉን ቅደም ተከተል አልጠብቅም። ብዙ ጉዳት ከሚያደርሰው ልጀምር።

ፈዛዛው ግራጫ

ግራጫ ጽሑፍ በነጭ ላይ ንጹህና ዘመናዊ ይመስላል ይላሉ ጸሐፊው። በዲዛይነሩ ትልቅ ስክሪን ላይ፣ መጋረጃው በተዘጋ ቢሮ ውስጥ፣ እውነት ነው ያምራል። አሁን ያንኑ ገጽ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ፣ ስክሪኑ በተጫጫረ ስልክ የሚከፍተውን ሰው አስቡት። ባትሪው እንዳያልቅበት የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጎታል። የሚታየው ባዶ ነጭ ገጽ ነው።

ይህ የጣዕም ጉዳይ አይደለም፤ በቁጥር የሚለካ ነገር ነው። የዌብን መስፈርቶች የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ የተደራሽነት መመሪያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ሁለተኛው እትም የኮንትራስት፣ ማለትም የጽሑፉና የጀርባው የብርሃን ልዩነት፣ ልክ አስቀምጧል። ሁለት አንድ ዓይነት ቀለሞች 1 ለ 1 ናቸው። ጥቁር በነጭ ላይ 21 ለ 1 ነው። ተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 ይፈልጋል። ትልቅ ርዕስ 3 ለ 1 ይበቃዋል። ጠበቅ ያለው ደረጃ ደግሞ ለተራ ጽሑፍ 7 ለ 1 ይጠይቃል።

እስቲ ግራጫዎቹን እንለካ። በ# የሚጀምሩት ቁጥሮች ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ቀለም የሚጠቀምባቸው መለያዎች ናቸው። #999999 በነጭ ላይ 2.85 ለ 1 ብቻ ነው፤ ለትልቅ ርዕስ እንኳ አይበቃም። #767676 4.54 ይሰጣል፤ ለጥቂት ያልፋል። በአንድ ደረጃ ብቻ ፈዘዝ የሚለው #777777 ግን 4.48 ሆኖ ይወድቃል። #555555 ላይ ስንደርስ 7.46 እናገኛለን። እሱም ግራጫ ነው፤ እሱም ረጋ ያለ ነው፤ ግን ይነበባል። ጥቁር በነጭ ላይ ዓይኔን ይወጋኛል የሚል ሰው ደግሞ #333333 አለለት፤ 12.6 ለ 1 ነው። «ዘመናዊ» ለመምሰል ተነባቢነትን መሠዋት አያስፈልግም።

ትልልቆቹም ያደርጉታል የሚል ክርክር እሰማለሁ። አዎ፣ ያደርጉታል። ዌብኤይም የተባለ ድርጅት በየዓመቱ የአንድ ሚሊዮን ድረ ገጾችን የፊት ገጽ ይፈትሻል። እ.ኤ.አ. በ2024 በ81 በመቶው ላይ ኮንትራስቱ ያነሰ ጽሑፍ ተገኝቷል። ከተገኙት ስህተቶች ሁሉ በብዛት አንደኛው እሱ ነበር። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ያው ስህተት ነው።

ለአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የፊደላችን ድምፅ የሚለወጠው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። ቡን እና ቢን አስተያዩአቸው። ቅጥያዋ መሃል ላይ ስትሆን ቡ፣ ታች ስትሆን ቢ ነው። ኩና ኪ፣ ሉና ሊ፣ ኑና ኒም እንደዚያው ናቸው። ኮንትራስቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ቀጭን ቅጥያ ናት። ያኔ «ግቡ» እና «ግቢ»፣ «ላኩ» እና «ላኪ» አንድ ይመስላሉ። ገንዘብ በሚላክበት ገጽ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጣቱ ከዐረፍተ ነገሩ እየገመተ ያልፈዋል። ዓይናቸው የደከመ እናት ግን ስልኩን ለልጃቸው አቀብለው «እስቲ ምን ይላል?» ይላሉ። የራሳቸውን የባንክ ሒሳብ ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው ያስገደዳቸው የእኛ ግራጫ ነው። ይህ ያናድደኛል።

ስለዚህ በአማርኛ ስሠራ 4.5 ላይ አልቆምም፤ 7 ለ 1ን መነሻ አደርጋለሁ። መመሪያው አያስገድደኝም፤ የራሴ ልማድ ነው። ፎንቱም ይቆጠራል። ኒያላን የመሰለ መስመሩ የሚቀጥን ፎንት በትንሽ መጠን ከፈዛዛ ቀለም ጋር ሲገናኝ ጨርሶ ይጠፋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ብዙ የውፍረት ደረጃ ስላለው ትንሽ ወፈር ያለውን መርጦ መገላገል ይቻላል።

ሰማያዊ እምነት ነው?

ለዚህ አባባል ሁልጊዜ የሚጠራው ምሳሌ ፌስቡክ ነው። ጸሐፊውም ጠርተውታል። ማርክ ዘከርበርግ ግን እ.ኤ.አ. በ2010 ለኒውዮርከር መጽሔት የተናገረው ሌላ ነው። ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸግረዋል፤ በደንብ የሚታየው ሰማያዊ ነው። የእምነት ምሳሌ ተብሎ የሚጠራው የፌስቡክ ሰማያዊ የመጣው ከአንድ ሰው ዓይን ነው።

ባንክ ሰማያዊ ይሁን ለሚለውም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወይን ጠጅ ነው። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ ባለመሆኑ ገንዘቡን ለማስቀመጥ የፈራ ሰው አላውቅም። አቢሲኒያ ባንክ ወርቃማ ቢጫ ነው። ውጭም ብንሄድ ኤችኤስቢሲና ሳንታንደር ቀይ፣ የሆላንዱ አይኤንጂ ብርቱካናማ ናቸው። እምነት የሚመጣው ኤቲኤሙ ሲሠራና የተላከው ገንዘብ ሲደርስ ነው። ቀለሙ ከዚያ በኋላ የዚያ እምነት ምልክት ይሆናል። ወይን ጠጅ ስናይ ንግድ ባንክ ትዝ የሚለን ለዓመታት ስላየነው ነው።

ትርጉም የሚባለውም ከአገር አገር ይለያያል። እኛ ዘንድ ነጭ የበዓልና የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው፤ ለቅሶ ላይ ጥቁር እንለብሳለን። በቻይና ባህልና በሂንዱ ሥርዓት ግን ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ቀይ ቁጥር ዋጋ ወደቀ ማለት ነው፤ በሻንጋይ ደግሞ ቀይ ዋጋ ወጣ ማለት ነው። ቀለም ስሜት አይሰጥም አልልም። ስሜቱ ግን የሚመጣው ከቦታው፣ ከልማዱና ከአጠቃቀሙ ነው። «ቀይ ማለት ይህ ነው» ብሎ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ጀማሪውን ያሳስተዋል።

ቀዩ በተን

ጸሐፊው ቀይ በተን ሽያጭን በ21 በመቶ ያሳድጋል ይላሉ። ቁጥሩ ከእውነተኛ ሙከራ የመጣ ነው፤ ግን ግማሹ ታሪክ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የገበያ ሥራ ሶፍትዌር የሚሠራው ሀብስፖት ያሳተመው ነው። ፐርፎርመብል በተባለ ድርጅት ገጽ ላይ አንድ በተን አንድ ጊዜ በአረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ በቀይ ቀርቦ ተወዳደረ። ቀዩን የነኩት ሰዎች በ21 በመቶ በለጡ። የተቆጠረው በተኑን መንካት ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም። ሌላም ነገር አለ። የዚያ ገጽ ዋና ቀለም አረንጓዴ ነበር። አረንጓዴው በተን ከአካባቢው ጋር ተመሳሰለ፤ ቀዩ ለብቻው ጎልቶ ወጣ። ሙከራውን ያደረጉት ሰዎች ራሳቸው በገጻችሁ ላይ ሳትሞክሩ በተናችሁን ዝም ብላችሁ ቀይ አታድርጉ ብለው አስጠንቅቀዋል።

ምክንያቱ ድሮ የታወቀ ነው። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄድቪግ ፎን ሬስቶርፍ እ.ኤ.አ. በ1933 አሳይታዋለች፤ በተመሳሳይ ነገሮች መካከል የተለየው ይበልጥ ይታወሳል። ስለዚህ ሎጎው ቀይ፣ ርዕሱ ቀይ፣ መስመሩ ቀይ በሆነ ገጽ ላይ ቀይ በተን ማንም አያየውም። እዚያ ሰማያዊ በተን ያሸንፍ ይሆናል።

ብዙ የአገራችን ገጾች ላይ የማየው ችግር ይኸው ነው። የብራንዱ ቀለም በየቦታው ይረጫል። ርዕሱ፣ ቀኑ፣ ማስጌጫው፣ ሊንኩ፣ በተኑ ሁሉ አንድ ቀለም ይሆናሉ። ሰው የቱን እንደሚነካ ግራ ይገባዋል። አንድ ቀለም ለሚነካ ነገር ብቻ ይቀመጥ። ሌላ የትም እንዳይታይ። የቱ ቀለም እንደሆነ ከዚያ ያነሰ ጥያቄ ነው።

የቀለም ክቡ

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1704 ቀለሞችን በክብ አድርጎ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ሠዓሊዎች ብዙ ተጠቅመውበታል፤ እኔም አልጠላውም። ክቡ የሚነግረን ግን የቀለሙን ዓይነት ብቻ ነው። ስለ ብርሃኑ ምንም አይለንም።

ምሳሌ ልስጥ። በተለመደው የቀለም መምረጫ ላይ ሙሉ ቢጫና ሙሉ ሰማያዊ ሁለቱም ብሩህነታቸው 50 በመቶ ነው ተብሎ ይጻፋል። በነጭ ላይ ብንለካቸው ግን ቢጫው 1.07 ለ 1፣ ሰማያዊው 8.59 ለ 1 ነው። አንዱ አይታይም፤ ሌላው ቁልጭ ይላል። ይህ የሆነው ዓይናችን ሦስቱን የስክሪን ብርሃናት እኩል ስለማያይ ነው። ኮንትራስት የሚሰላበት ቀመር ለአረንጓዴ 71.52 በመቶ፣ ለቀይ 21.26 በመቶ፣ ለሰማያዊ 7.22 በመቶ ድርሻ ይሰጣል። ክቡ ይህን አያውቅም። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ደማቅ ቀለሞች ብርሃናቸው ከተቀራረበ ደግሞ ጽሑፉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ቀይ በአረንጓዴ ላይ ለማንበብ የሞከረ ያውቀዋል።

አሁን ኦኬኤልሲኤች የሚባል የተሻለ መለኪያ አለ። ብዮርን ኦቶሶን እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ኦኬላብ በተባለ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዋናዎቹ ብራውዘሮችም ይቀበሉታል። በእሱ ሁለት ቀለሞች እኩል ብሩህ ናቸው ሲባል ለዓይንም እኩል ይቀርባሉ። እሱን ለመማር ጊዜ የሌለው ሰው ቀላሉን ያድርግ። የገጹን ስክሪንሾት አንስቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይረው። በጥቁርና ነጭ በተኑ ካልታየ፣ ርዕሱ ከተራው ጽሑፍ ካልተለየ፣ ቀለም አያድነውም።

60፣ 30፣ 10

በዚህ እስማማለሁ። ነገሩ የመጣው ከቤት ውስጥ ማስጌጥ ነው፤ ግን ለገጽም ይሠራል። የሐበሻ ቀሚስን ማየት ይበቃል፦ ሰፊው ነጭ ነው፣ ጥበቡ ጠርዝ ላይና ደረት ላይ ነው፤ ጥበቡ የሚያምረውም ነጩ ስለሰፋ ነው። ቁጥሩን በማስመሪያ መለካት አያስፈልግም።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ

ይህን ስጽፍ እጠነቀቃለሁ፤ ምክንያቱም ባንዲራውን እወዳለሁ። ዋሽንግተን ያለ ምግብ ቤት፣ አውሮፓ ያለ የኮሚዩኒቲ ማኅበር፣ ድረ ገጽ ሲያሠራ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሦስቱን ቀለሞች ነው። ከአገሩ የራቀ ሰው ገጹ ሲከፈት ያን ማየት ቢፈልግ አይገርምም። ፍላጎቱን አከብራለሁ። የማልቀበለው ሦስቱ ቀለሞች እኩል ተካፍለው፣ ጽሑፍም በተንም ባክግራውንድም ይሁኑ የሚለውን ምክር ነው።

ባንዲራ የሚሠራው ከሩቅ ለማየት ነው። ድረ ገጽ ግን ጽሑፍ ይሸከማል። ሙሉ ቢጫ በነጭ ላይ 1.07 መሆኑን አይተናል፤ ባንዲራው ላይ ያለው ጠለቅ ያለ ቢጫ እንኳ 1.5 አይደርስም። በቢጫ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር አይነበብም ማለት ነው። ሙሉ ቀይ #008000 በሚባለው አረንጓዴ ላይ 1.28 ለ 1 ነው። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን የተራራቁ ቢመስሉም ብርሃናቸው ይቀራረባል። አረንጓዴው ራስጌ ላይ በቀይ የተጻፈ የምግብ ቤት ስልክ ቁጥር ደንበኛ ያስቀራል እንጂ አያመጣም። በዚያ ላይ ሦስቱም እኩል ስለሚጮኹ ለበተን የሚተርፍ ቀለም የለም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድን አውሮፕላን ተመልከቱ። ሦስቱ ቀለሞች ጭራው ላይ ደምቀው ይታያሉ፤ የአካሉ ሰፊ ክፍል ግን ነጣ ያለ ነው። ማንም ኢትዮጵያዊ አይመስልም ብሎ አያውቅም። ገጽም እንደዚያው ሊሠራ ይችላል። አንዱ ቀለም መሪ ይሁን። #008000 በነጭ ላይ 5.14 ስለሆነ ለበተንና ለርዕስ ይሆናል፤ ለተራው ጽሑፍ ጠቆር ያለውን እመርጣለሁ። ቢጫው ባክግራውንድ ሆኖ ጥቁር ጽሑፍ ይጻፍበት፤ ጥቁር በሙሉ ቢጫ ላይ ከ19 ለ 1 በላይ ነው፤ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ቀዩ አልፎ አልፎ ብቻ ይምጣ። ሦስቱ አንድ ላይ እንዲታዩ ከተፈለገ ከገጹ አናት ላይ ቀጭን መስመር ትበቃለች።

ደግሞስ ኢትዮጵያዊነት በሦስት ቀለም ያልቃል? የጀበና ጥቁር አለ። የበርበሬ ቀይ ቡኒ አለ። የእንሰት ቅጠል አረንጓዴ፣ የአክሱም ሐውልት ግራጫ አለ። ለቡና መሸጫ ገጽ ከእነዚህ የሚነሳ ቀለም ከባንዲራው ይልቅ ስለ ቤቱ ብዙ ይናገራል።

ስህተት በቀይ፣ ትክክል በአረንጓዴ

ከአውሮፓ ዘር ወንዶች መካከል ከ12 አንዱ፣ ከሴቶቹ ከ200 አንዷ ቀይና አረንጓዴን መለየት ይቸግራቸዋል። በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ ግን የሌለበት ቦታ የለም። ለእነዚህ ሰዎች «የተከፈለው በአረንጓዴ፣ ያልተከፈለው በቀይ» የሚል ሰንጠረዥ ምንም አይነግራቸውም። የተደራሽነት መመሪያው መረጃን በቀለም ብቻ አታስተላልፉ የሚለው ለዚህ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው። ሰንጠረዡ ላይ «ተከፍሏል»፣ «አልተከፈለም» ተብሎ ይጻፍ። ፎርም ላይ ሳጥኑ ቀይ ከሚሆን «ስልክ ቁጥሩ አንድ አሃዝ ይጎድለዋል» የሚል ቃል ይውጣ። ቀለሙም ይኑር፤ ከቃሉ ጋር።

ሁሉም ጥቁር ይሁን

ዳርክ ሞድን የሚወድ ብዙ ሰው አለ፤ መብቱ ነው። ጸሐፊው የሰጧቸው ሁለት ምክንያቶች ግን በግማሽ ብቻ እውነት ናቸው።

ባትሪን በተመለከተ ቁጠባው ያለው ኦሌድ በሚባለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ በሚበራበት ስክሪን ላይ ነው። በኤልሲዲ ስክሪን ላይ የጀርባው መብራት ገጹ ጥቁርም ሆነ ነጭ ይበራል። እኛ አገር በብዛት የሚታዩት ርካሽ የቴክኖና የአይቴል ስልኮች ብዙዎቹ ኤልሲዲ ናቸው። በኦሌድም ቢሆን የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ያገኙት ውጤት ይህ ነው፦ የስክሪኑ ብርሃን ሙሉ ሲሆን ከ39 እስከ 47 በመቶ ይቆጥባል፤ ብርሃኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሲሆን ግን ቁጠባው ከ3 እስከ 9 በመቶ ብቻ ነው። ባትሪውን የሚቆጥብ ሰው ደግሞ ብርሃኑን አስቀድሞ ዝቅ አድርጎታል።

ስለ ዓይን በጀርመን ዱሰልዶርፍ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። በነጣ ባክግራውንድ ላይ የተጻፈ ጥቁር ጽሑፍ በወጣቶችም በአረጋውያንም ዘንድ የተሻለ ተነብቧል። ብሩህ ገጽ ሲታይ የዓይን ብሌን ይጠባል፤ ሲጠብ ምስሉ ይጠራል። በጥቁር ገጽ ላይ ብሌኑ ስለሚሰፋ አንዳንድ ሰው፣ በተለይ አስቲግማቲዝም የሚባለው የዓይን ቅርጽ ችግር ያለበት፣ ፊደሎቹ ብርሃን ሲረጩ ያያል። ያቺ ቀጭን ቅጥያ እዚህም ተጎጂ ናት።

ስለዚህ ምርጫውን ለተጠቃሚው መተው ይሻላል። ስልኩ በጨለማ ይሁን በብርሃን እንደተቀመጠ ለገጹ መንገር ይችላል፤ ገጹም ሁለት መልክ ይኑረው። ሁለተኛው መልክ ግን ቀለሞቹን በመገልበጥ ብቻ አይሠራም። ለምሳሌ ባክግራውንዱ #121212 ቢሆን፣ በነጭ ላይ 5.14 የነበረው #008000 እዚህ ወደ 3.65 ይወርዳል፤ ለተራ ጽሑፍ አይበቃም። ለጨለማው ገጽ ፈካ ያለ ሌላ አረንጓዴ ተመርጦ እንደገና መለካት አለበት።